ሁለት ቁልፍ ያለው በር፦ የእትዬ ልነሳ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ከዚህ ከትምህርት ቤቱ ግቢ የምንሸኛቸው፣ ሁላችንም እትዬ ልነሳ እያልን የምንጠራቸው እህታችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ግንብ ሥር ባለው ሰፈር ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ዛሬም አለ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ጣሪያው በአንድ በኩል ዘመም ያለው ነው። ከዚህ ሆናችሁ አንገታችሁን ብታቀኑ ይታያችኋል።

አባታችን ያንን ግንብ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። እትዬ ሲወለዱ ግንቡ ገና ከሰው ወገብ አላለፈም። አባታችን “ልጄና ግንቡ እየተፎካከሩ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚቆም እናያለን” ይሉ ነበር። እትዬ ቀደሙ። ዓመት ሳይሞላቸው ቆሙ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መቀመጥ አልሆነላቸውም።

ግንቡ ሲያልቅ ድንጋይና አሸዋ በጋሪ ይገባበት የነበረ አንድ ክፍተት ቀረ። አባታችን “ነገ እደፍነዋለሁ” ይሉ ነበር። ያ ነገ ሳይመጣ አረፉ። ሰፈሩ ክፍተቱን ሽንቁር አለው። ከሽንቁሩ በላይ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ላይ ግቢ፣ ከሥሩ ያለውን ትምህርት ቤት ታች ግቢ አልነው። እናታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንሶላ ተሸክመው በሽንቁሩ ይወጡ ይወርዱ ነበር። ልጆች ኳስ ተከትለው ይሾልኩበት ነበር። የእትዬ ሕይወት ከዚህ ሽንቁር ብዙ አልራቀምና መጀመሪያ እሱን መናገር ይገባኛል ብዬ ነው።

እትዬ ዕድሜያቸው ሲደርስ ታች ግቢ ገቡ። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ የዩኒቨርሲቲው ነበር። የሚያስተምሩት ከላይ የሚወርዱ የሃይማኖት ተማሪዎች ነበሩ። ጠዋት ጸሎት ነበር። በግቢው መካከል በብረት ምሰሶ ላይ፣ ምእመናን በስጦታ ያመጡት ትልቅ የነሐስ ደወል ተሰቅሎ ነበር። እትዬ ስድስተኛ ክፍል ሳሉ የከተማው አስተዳደር ትምህርት ቤቱን ተረከበ። ወንበሩም ሰሌዳውም ያው ነው፤ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ተቀየረ። ላይ ግቢዎች ግን አዘኑ። አዝነውም ደወላቸውን አውርደው ወሰዱና የጸሎት ቤታቸው ጣሪያ ላይ ሰቀሉት። ልጆቹ ሁሉ እስከ ሽንቁሩ እየተከተሉ ሸኙት፤ ያለቀሱም ነበሩ። የላይ ግቢ ዘበኛ “ምን ያስለቅሳችኋል? ከላይ ሆኖ እንዲያውም አጥርቶ ይሰማችኋል” ብለው አባበሏቸው።

እውነታቸውን ነበር። ታች ግቢ ሌላ ደወል ሳይገዛ ቀረ። ላይ ለጠዋት ጸሎት ሲደወል ታች ክፍል ይገባል። ላይ ለቀትር ጸሎት ሲደወል ታች ይለቀቃል። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም፤ እንዲሁ ተለምዶ ቀረ።

እናታችን እጃቸውን ሲያማቸው ከሁለታችን አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን። ታናሽየዋ ቀረች። ይህ በየቤቱ የሚሆን ነገር ነው፤ እትዬ ግን እንደ ቀላል አላዩትም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ “ዛሬ የተማርነውን ልንገርሽ” ይሉ ነበር። ታናሽየዋ እጇ ሳሙና ውስጥ ነው፤ “እትዬ፣ መጀመሪያ ይቺን አንሶላ ያዢልኝ” ትላለች። እትዬ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዘው እየጠመዘዙ ስለ ወንዞችና ስለ ክፍልፋይ ያወራሉ። ያቺ ታናሽ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያነሳሁት እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለምን ይቸኩሉ እንደ ነበር እንዲታወቅ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ሩቅ ባለች ትንሽ ከተማ ለጥቂት ዓመታት አስተማሩ። በ1970 ዓ.ም. ወደ ታች ግቢ ተዛወሩ። ይህ ስማቸው የወጣላቸውም ያኔ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ተቀድቶላቸው፣ ወንበር ተስቦላቸው፣ ገና ሳይደላደሉ “በሉ ልነሳ” ይላሉ። የሳይንስ መምህሩ “እሳቸው የተቀመጡበት ወንበር አይሞቅም፤ ለብርድ ቀን አይሆንም” ብለው ቀለዱ። ከመምህራን ክፍል ወደ ተማሪዎች፣ ከተማሪዎች ወደ ሰፈሩ ደረሰና እትዬ ልነሳ ሆኖ ቀረ። እሳቸውም ሲሰሙ “ልተኛ ከምትሉኝ ይሻላል” ብለው ሳቁ።

በ1973 ዓ.ም. የተሰበሩ የተማሪ ወንበሮችን ሊጠግኑ ከመጡት የብየዳ ባለሙያ ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ነገሩን እንዲህ ይናገሩታል፦ “ላናግርሽ ፈልጌ ነበር፤ እስቲ ቁጭ በይ አልኳት። የጠገንከው ወንበር ይሸከመኝ እንደሆነ ልየው ብላ ተቀመጠች። ጉዳዬን ተናግሬ ሳልጨርስ ብድግ ብላ፣ እሺ፣ ወንበሩም ጥሩ ነው አለችኝ።” ከዚህ ትዳር አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1980 ዓ.ም. የታች ግቢ ርዕሰ መምህር ሆኑ። በዚያው ሰሞን ላይ ግቢ መምህራንን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር፤ ሠልጣኞቹም የሚለማመዱበት ክፍል ያስፈልጋቸው ነበር። የጊዜው የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትና የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተስማሙ። ሠልጣኞች በሽንቁሩ ወርደው ያስተምራሉ፤ የታች ግቢ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በሽንቁሩ ወጥተው በላይ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ያነባሉ። እትዬ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። ሠልጣኞቹ አመሻሽ ላይ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶች እንዲያስተምሩ ጠየቁ። ተፈቀደላቸው። እኔን “ነይ” አሉኝ። ልጆቼ ትንንሽ ስለነበሩ ከርሞ እመጣለሁ አልኳቸው። በሚቀጥለውም ዓመት ከርሞ አልኩ።

እትዬ ለሠልጣኞች የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። ከላይ የሚወርድ ሠልጣኝ የመጀመሪያውን ሳምንት ቆሞ አያስተምርም። ልጆቹ መካከል፣ በልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይማራል፤ የቤት ሥራም ይሠራል። አንድ በጣም ረጅም ሠልጣኝ መጥቶ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ልጆቹ ወዲያው ግመል አሉት። “እትዬ፣ እኔ እኮ አራተኛ ዓመት ነኝ” ቢላቸው፣ “አውቃለሁ ልጄ፤ እዚህ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ነህ። የቤት ሥራህን አምጣ” አሉት። ያ ሠልጣኝ ዛሬ ጸጉሩ ሸብቶ ከኋላ ቆሟል። ወንበር ስላጣ ነው እንጂ ተቀጥቶ አይደለም።

ሌላው ሠልጣኝ ደግሞ የሂሳብ ክፍለ ጊዜን በጸሎት ጀመረ። ልጆቹ የአንድ ሃይማኖት ልጆች አይደሉም። አንድ አባት ተቆጥተው መጡ፤ “ልጄን ቁጥር እንዲቆጥር ነው የላክሁት፤ የኛን ጸሎት እኛ እናስተምረዋለን” አሉ። እትዬ አባትየውን ይቅርታ ጠይቀው ሸኙና ሠልጣኙን ሽንቁሩ ድረስ ወሰዱት። “ልጄ፣ ጸሎትህን አልከለክልህም። እዚህ ጋ ቆመህ ጨርስና ግባ። እንዲያውም ለኔም ጸልይልኝ፤ ብዙ ሥራ አለብኝ” አሉት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሠልጣኞች ሽንቁሩ ላይ ቆም ብለው ሲገቡ ይታዩ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሁለቱ ግቢዎች ሳይጣሉ ቆዩ።

በ1987 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ በየፊናችሁ ታወሩታላችሁ። እንደ ነበረ ልጻፈው። ላይ ግቢ አዲስ ፕሬዚዳንት መጥተው የቀትር ጸሎትን ግማሽ ሰዓት ቀደም አደረጉት። ለተማሪዎቻቸው እንዲመች ብለው ነው። ለታች ግቢ አልነገሩም። ታች ግቢ በእሳቸው ደወል እንደሚገባና እንደሚወጣ የነገራቸው ሰው አልነበረማ። ሰዓቱ የተቀየረበት ቀን የስምንተኛ ክፍል የከተማ ፈተና ቀን ሆነ። ልጆቹ የመጨረሻውን፣ ብዙ ነጥብ ያለውን ድርሰት ገና መጀመራቸው ነበር። ደወሉ ተደወለ። ፈታኞቹ ወረቀት ሰበሰቡ። አንደኛው ፈታኝ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው “ገና አይደለም እንዴ?” ቢሉ፣ ጓደኛቸው “ሰዓትህ ነው የዘገየው። ደወሉ ሲሳሳት አይተህ ታውቃለህ?” አሏቸው። እሳቸውም አመኑ። የእጅ ሰዓታቸውን ከደወሉ ጋር አስተካከሉት።

ከግማሽ በላይ ልጆች ወደቁ። የኔም ትልቋ ልጅ አንዷ ነበረች። ዓመቱን ደገመች፤ ዛሬ ነርስ ናት፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ያን ጊዜ ግን ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ነበር። ወላጆች ሽንቁሩ ጋ ተሰበሰቡ። “ሆን ብለው ነው”፣ “ትምህርት ቤቱን ስለተነጠቁ ነው”፣ “ቂም ይዘው ነው” ተባለ። ላይ ግቢዎችም “በደወላችን ሰዓት ልትጠይቁን ነው ወይ?” ብለው ተቆጡ።

በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሁለቱም ወገን እትዬ ለእሱ የሚመሰክሩ መስሎት ነበር። እትዬ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ “ደወሉ የነሱ ነው። ሲሻቸው ይደውሉት፣ ሲሻቸው ይተዉት። በሰው ደወል ልጆቻችንን ስናስገባና ስናስወጣ የኖርነው እኛ ነን፤ ርዕሰ መምህሯም እኔ ነኝ። ላይ ግቢዎችም ከግንባቸው ሥር ማን እንደሚኖር ሳይጠይቁ ይህን ሁሉ ዓመት መቀመጣቸው ጉርብትና አይባልም።” አዳራሹ ተንጫጫ። ከወዲህም ከወዲያም “ይቺ ሴትዮ የማን ናት?” የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ሳይቀመጡ እንደቆሙ ወጡ።

ከዚያ የሆነው ይህ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሠልጣኞች በከተማው ትምህርት ቤቶች እንዳያስተምሩ ከለከለ። ላይ ግቢ ቤተ መጻሕፍቱን ለታች ግቢ ልጆች ዘጋ። የእናቶች ትምህርት ቀረ። እትዬ ከርዕሰ መምህርነት ወርደው ወደ ክፍል ተመለሱ። ባለቤታቸው ሲበሳጩ “ምን ይደረግ፣ ልነሳ ልነሳ ስል ሰምተውኝ ነው” ብለው አሳቋቸው። እሳቸው ራሳቸው ግን አልሳቁም ነበር። ግንበኞች መጥተው ሽንቁሩን በድንጋይ ሲደፍኑ እትዬ ሥራው እስኪያልቅ ቆመው አዩ። አባታችን ነገ ያሉት ነገ መጣ።

ቀጥለው ያሉት ዓመታት የመመላለስ ዓመታት ናቸው። በሽንቁሩ ዘለው የሚሻገሩትን፣ ግንቡን ሙሉ ዞረው በዋናው በር መግባት ሆነባቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍል የላቸውም ነበር፤ ላይ ግቢ ይሄዳሉ። ዘበኛው “እትዬ፣ ዛሬም መጡ? ፕሬዚዳንቱ እኮ ስብሰባ ላይ ናቸው” ሲሏቸው “እኔም ለስብሰባ ነው የመጣሁት” ይሏቸዋል። ፎቅ ወጥተው ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ፊት ለፊት ያለውን ኮሪደር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። ጸሐፊዋ “እባክዎ ይቀመጡ፤ እርስዎን ሳይ ራሴን ያዞረኛል” ብትላቸው፣ “እሱንማ ነው የምፈልገው። ገብተሽ ዞረብኝ ብለሽ ንገሪያቸው” አሏት። ሌላ ቀን ደግሞ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው እንደዚሁ ያደርጋሉ። አንዱ ኃላፊ ነገሩ ሲገባው ይቀየራል። አዲሱ ሲመጣ ከሀ ይጀምራሉ። “ለምደውኛል ስል ይሄዳሉ፤ ሰዎቹ ሹም ሳይሆኑ መንገደኛ ናቸው” ይሉ ነበር።

ሁለቱንም የቸገራቸው ነገር ነበር። ላይ ግቢ ሠልጣኞቹን ለልምምድ በአውቶቡስ ሩቅ ይልክ ነበር። ታች ግቢ ደግሞ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል መምህር አጥቶ ነበር። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን ደጅ ቀድሞ አይረግጥም። በ1995 ዓ.ም. እትዬ መላ አገኙ። የላይ ግቢ መኝታ ቤት አልጋዎችና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛዎች የሚጠገኑት በባለቤታቸው ብየዳ ቤት ነበር። ባለቤታቸው ለፕሬዚዳንቱም ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም “የዕቃው ጥገና አልቋል፤ ራስዎ አይተው ካልተረከቡ ኃላፊነት አልወስድም” ብለው በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት ቀጠሯቸው። መጡ። ተያዩ። ማሽኑ እየጮኸ ስለነበር ላለመነጋገር ምክንያት ነበራቸው። ባለቤታቸው ማሽኑን አጠፉት። ዝም ሲል ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች በተገለበጠ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ በር ላይ ቆመው “ዕቃችሁን የምትወስዱት ከተነጋገራችሁ በኋላ ነው” አሏቸው። ፕሬዚዳንቱ ሳቃቸው መጣ። “እናቴ፣ ታግተናል ማለት ነው?” አሉ። “ኧረ እንግድነት ነው” አሏቸው እትዬ።

ለሃያ ዓመት የሚቆይ ስምምነት ተፈረመ። ሠልጣኞች ተመልሰው ይመጣሉ፤ በክፍል ውስጥ ሃይማኖት አይሰበክም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈታል፤ የእናቶች ትምህርት ይቀጥላል። ታች ግቢ የራሱ ደወል ይኑረው ተባለና ባለቤታቸው ከከባድ መኪና ቸርኬ ሠርተው ሰቀሉ። ዛሬም የምንሰማው እሱን ነው፤ ድምፁ አያምርም፣ ሰዓቱ ግን የኛ ነው። ግንቡም ተፈልፍሎ የብረት በር ተገጠመለት። እዚህ ላይ ግን ጠብ ተነሣ። ቁልፉ የማን ይሁን? ላይ ግቢ ለታች አያምንም፣ ታች ግቢም ለላይ። በመጨረሻ ሁለት ቁልፍ ይሁን ተባለ፤ አንዱን የላይ ግቢ ዘበኛ፣ ሌላውን የታች ግቢ ዘበኛ ይይዛል። ሁለቱም ካልመጡ በሩ አይከፈትም። ባለቤታቸው ሁለተኛውን ማንጠልጠያ ሲበይዱ እትዬ “ይሄ በር ነው ወይስ ክስ?” ብለው ነበር። ትንሽ ቆይተው ግን “ይሁን። ሁለት ሰው ካልተገናኘ የማይከፈት ከሆነ ቢያንስ ደህና አደርክ ይባባላሉ” አሉ። እንዳሉትም ሆነ። ሁለቱ ዘበኞች ጠዋት በሩን ከፍተው መሃሉ ላይ ቆመው ሲያወሩ ልጆች በእግራቸው ሥር ይሾልኩ ነበር።

በዚያው ዓመት እትዬ ቤቴ መጡና “ከርሞ የምትዪው ደርሷል” አሉኝ። ልጆቼ አድገዋል፤ ምክንያት አጣሁ። ክፍሉ ያው እሳቸው የተማሩበት ክፍል ነበር። ከላይ የወረደችው አስተማሪ ከልጄ ታንሳለች። ሁላችንንም እማማ ትለን ነበር፤ ስንሳሳት “እማማ፣ ቆንጆ ስህተት ናት፤ እስቲ አብረን እናርማት” ትላለች። ቀለም ያልቆጠርን እናቶች በልጆቹ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ፊደል ቆጠርን። እጄ አንሶላ ሲጠመዝዝ የኖረ ነው፤ እርሳሱን አጥብቄ ይዤ ስንት ሰበርኩ። እትዬ በየምሽቱ መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ትምህርቱ እስኪያልቅ አይነሡም። ባለቤታቸው ይህን ሰምተው ሊያምኑ ስላልቻሉ በመስኮት መጥተው አዩ።

እትዬ በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ወጡ ማለት ለወረቀቱ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያ ናቸው። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ ወንበሩን የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው። በሁለቱ ግቢ መካከል ቅሬታ ሲነሣ፣ ልጅ ሲያጠፋ፣ መጽሐፍ ሲጠፋ “እትዬን ጥሩ” ይባላል። የማን ናት ብለው የጠየቁት ሰዎች ኋላ ላይ ሁለቱም የኛ ናት ይሉ ጀመር። እትዬ ይህ አላኮራቸውም፤ አሳሰባቸው እንጂ። “እኔን ከመጥራት ለምን እርስ በርስ አይጠራሩም? እኔ ነገ ብሞትስ?” ይሉ ነበር። “እትዬ፣ ክፉ አይናገሩ” ስላቸው “ክፉ አይደለም፤ ቀጠሮ ነው” አሉኝ።

ሃያው ዓመት ባለፈው ዓመት ሞላ። ስምምነቱ አልታደሰም። ላይ ግቢ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሠልጣኞቻቸው ስለ እምነታቸው እንዲናገሩ ካልተፈቀደ አንልክም ማለታቸውን ሰምተናል። የከተማው አዲስ ኃላፊም የመንግሥት ፈቃድ የሌለው ሠልጣኝ አናስገባም ማለታቸውን ሰምተናል። ተገናኝተው ሲነጋገሩ ግን አልሰማንም። የቀድሞዎቹ ሁለት ዘበኞች በጡረታ ሄደዋል፤ ቁልፎቹም ከዘበኞች እጅ ወጥተው አንዱ ወደ ፕሬዚዳንቱ፣ ሌላው ወደ ኃላፊው ቢሮ ተወስደዋል። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፍቶ አያውቅም። የእናቶች ክፍል ባዶ ነው። ከእኛ በኋላ የጀመሩት እናቶች ገና ቃል ማያያዝ ላይ ነበሩ፤ የጀመሩት እንዳይጠፋቸው እሰጋለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ሚስት “ስሜን መጻፍ ቻልኩ፤ የልጄን ስም ሳልደርስ ተዘጋ” አለችኝ።

እትዬ የልብ ሕመም ሲጸናባቸው ሐኪሙ “እረፍት ያድርጉ፤ አልጋ ላይ ይቆዩ” አሏቸው። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ቃል ያሳመማቸው ይመስል ነበር። አልጋቸውን ግንቡ በሚታይበት መስኮት ሥር አስደረጉ። ጠዋት ጠዋት “ተከፈተ?” ይላሉ። “ገና ነው” እንላቸዋለን። ውሸት እንድንናገር አልፈለጉም፤ እኛም አልዋሸናቸውም።

ፕሬዚዳንቱ ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር፤ እናመሰግናለን። ኃላፊውም በሌላ ቀን መጥተው ነበር፤ እሳቸውንም እናመሰግናለን። ፕሬዚዳንቱ “እኛ ዝግጁ ነን፤ እነሱ እሺ ካሉ” አሏቸው። ኃላፊውም “እኛ ዝግጁ ነን፤ እነሱ እሺ ካሉ” አሏቸው። እትዬ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፦ “ልጄ፣ እንግዲህ ሁለታችሁም እሺ ብላችኋል ማለት ነው። የቀረው ቁልፍ ይዞ መሄድ ነው።” እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። የሚከብድ ነገር አልጠየቁም።

ከዚያ ባለቤታቸውን ጠርተው አንድ ነገር ለመኑ። “ከታች ግቢ አውጥታችሁ፣ በበሩ አሻግራችሁ፣ ከእናትና አባቴ አጠገብ ቅበሩኝ። ዙረቱ በቃኝ” አሉ። ወላጆቻችን ከላይ ግቢ ጸሎት ቤት ኋላ ባለው መካነ መቃብር ነው ያረፉት። ባለቤታቸው በሩን ሄደው ለኩት፤ ሣጥኑንም ለኩት። ተመልሰው “በጎንና በጎን እጅ ያስገባል፤ ያልፋል” አሏቸው። እትዬ ፈገግ ብለው “ድሮም የሠራኸው ለኔ ልክ ነው” አሉ።

እትዬ ልነሳ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ በ2016 ዓ.ም. ትናንት ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ ቸርኬ ተደውሎ ልጆች ክፍል ሲገቡ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ክንዳቸውን ይዘን ነበር። ሊቀመጡ ይሞክሩ ነበር፤ ወይም ሊነሡ ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ አላወቅንም።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ታናሽ እህታቸውንና ልጆቼን ትተዋል። ያስተማሯቸውንና በትንሽ ወንበር ያስቀመጧቸውን ግን ቆጥሬ አልዘልቅም። በሕመማቸው ወቅት ለጠየቃችሁ፣ ለሐኪሞችና ለነርሶች፣ ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ያልጠቀስኩት ካለ ጽሑፌ ገና አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ ረስቼ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ራሴ እንድጽፈው ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። “ሌላ ሰው ያሳምረዋል፤ አንቺ ትጽፊዋለሽ” አሉኝ። ያንን ክፍል የከፈተው በር ባይኖር ኖሮ ዛሬ ስለ እህቴ ሌላ ሰው ይነግራችሁ ነበር።

አሁን ወደ መጨረሻው ደርሻለሁ። ክቡር ፕሬዚዳንት በቀኝ፣ ክቡር ኃላፊ በግራ ተቀምጣችኋል። ቁልፎቻችሁን እንድታመጡ ትናንት መልእክት ልከናል፤ እንዳመጣችሁም እናምናለን። እትዬን ለማሻገር ሁለታችሁም በሩ ጋ አብራችሁ መቆም አለባችሁ፤ አንዱ ብቻውን ቢሄድ አይከፈትም። እንለምናችኋለን፣ እሳቸው ካለፉ በኋላ መልሳችሁ አትቆልፉት። ነገ ጠዋት ልጆች አሉ፤ ነገ ማታ እናቶች አሉ። አባታችን “ነገ” ብለው የተዉት መልካም ነገር ነበር፤ እናንተ ግን “ነገ” አትበሉን።

ሩጫን ሁሉ የሚያይ አምላክ የእህታችንን ሩጫ ይቁጠርላቸው፤ ማንም ደጅ የማያስጠናቸው፣ ዞረው የማይገቡበት ቤት ይስጣቸው። እትዬ፣ እንግዲህ ይረፉ። መነሣቱን ለእኛ ይተዉልን።

ቁልፍ የያዛችሁ ቅደሙ። የምትሸከሙ ጠጋ በሉ። ሌሎቻችን እንከተል።

በሉ እንነሳ።